የመርከበኞችን ደመወዝ መዝገብ ያቀናው ጸሐፊ

በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ዘወትር የሚነሣው ስለ ርስትና ስለ ታሪክ ሲነገር ነው። ይሁን እንጂ ከርስትም ከታሪክም ባላነሰ መጠን በጽሑፍ ሊጠበቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው በጉልበቱና በዕድሜው ያገለገለበት ደመወዝ፣ ሲደክምም የሚጦርበት አበል ነው።

በምንኖርበት በወሎ ሰፈር፣ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ጐዳና ዳር፣ ወር በደረሰ ቁጥር ጡረታቸውን ለመቀበል ከባንክ ደጃፍ የሚቆሙ አረጋውያንን ማየት የተለመደ ነው። እያንዳንዳቸው የሚቀበሉት ገንዘብ ከሁለት ነገሮች የተሰላ ነው፤ አንደኛው ያገለገሉት ዘመን ሲሆን ሁለተኛው በአገልግሎታቸው መጨረሻ ይከፈላቸው የነበረው ደመወዝ ነው። ሁለቱም የሚገኙት ከፋይል ነው። ከፋይሉ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት የጐደለበት ሰው በዚያ ዘመን መሥራቱን ጐረቤቱ ሁሉ ቢያውቅለትም ሒሳቡ አያውቅለትም።

ነገሩ በባሕር ኃይል ሰዎች ላይ ሲሆን ደግሞ ይጠነክራል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምፅዋን መደብ አድርጎ የተቋቋመው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የጦር ሠራዊቱን ሰዎች ጭምር የሚመለከት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ከወደባቸው ወጡ፤ ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላም በ1988 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፤ እንደገና የተቋቋመው በቅርብ ዓመታት ነው። እንግዲህ መርከቡ ከእጅ ሲወጣ፣ ወደቡም ከድንበር ውጭ ሲቀር፣ ዕድሜውን በባሕር ላይ ለጨረሰ መኮንን ከሁሉ የሚጸናለት ምስክር ስሙ፣ ማዕርጉና ደመወዙ የተጻፈበት ወረቀት ነው።

የባሕር ኃይል መኮንኖች የደመወዝና የጡረታ መዝገብ በዓለም ላይ እንዴት ሥርዓት እንደ ያዘ ስንመረምር ያገኘነው ሰው አድሚራል አይደለም፤ መርከብ አዝዞም አያውቅም። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነ አንድ የእንግሊዝ ጸሐፊ ነው። ስሙ ሳሙኤል ፒፕስ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዕለት ማስታወሻው ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ስለ መዝገቡ እንናገራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ሳሙኤል ፒፕስ የካቲት ወር 1633 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ፒፕስ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቱም የአንድ ሥጋ ሻጭ ልጅ ነበረች። እነዚህ ባልና ሚስት 11 ልጆች ወልደው አብዛኞቹ በልጅነታቸው ሞተውባቸዋል። ቤተ ሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም ከታላላቅ ሰዎች ጋር የሥጋ ዝምድና ነበረው፤ ከእነርሱም አንዱ ኋላ የሳንድዊች መስፍን የተባለው ኤድዋርድ ሞንታጉ ነው። ልጁ ቅዱስ ጳውሎስ በሚባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም በነፃ የትምህርት ዕድል ካምብሪጅ ገብቶ በሞድሊን ኮሌጅ ትምህርቱን በ1654 ፈጸመ።

በዓመቱ ኤልሳቤጥ የምትባል ገና 15 ዓመት ያልሞላት ድኻ ልጅ አገባ። እርሱም ድኻ ነበረ። ከዚህም በላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የፊኛ ጠጠር ያሠቃየው ነበር። በ1658 ማደንዘዣ በሌለበት በዚያ ዘመን እጅና እግሩ ታስሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ትልቅ ጠጠርም ወጣለት። በዚህ ሕክምና ብዙ ሰው ይሞት ስለ ነበረ ፒፕስ ከሞት የተረፈበትን ቀን በየዓመቱ ድግስ እያደረገ ያከብረው ጀመር።

የእንጀራው በር የተከፈተው በ1660 ነው። እንግሊዝ ንጉሥዋን በ1649 ገድላ ያለ ንጉሥ ከቆየች በኋላ የሟቹን ልጅ ቻርልስን ከሆላንድ መልሳ ለማንገሥ ቈረጠች። ንጉሡን እንዲያመጣ የተላከው የመርከብ ጓድ አዛዥ ያ ዘመዱ ሞንታጉ ስለ ነበረ ፒፕስን ጸሐፊ አድርጎ ወሰደው። ንጉሡ የተሳፈረባት መርከብ ስሟ ተለውጦ ሮያል ቻርልስ ተባለች። አንባቢ ይህችን መርከብ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚያው ዓመት በዘመዱ ድጋፍ ፒፕስ የባሕር ኃይሉን ሥራ በሚመራው ቦርድ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። ደመወዙ በዓመት 350 ፓውንድ ነበር። ሹመቱን ያገኘው በዝምድና እንጂ በችሎታ አልነበረም፤ ስለ መርከብ የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። የዚህ ሰው ታሪክ ለወጣት ሠራተኛ የሚጠቅመውም ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው።

የማባዣ ሠንጠረዥ በ29 ዓመት

ፒፕስ ካምብሪጅን ጨርሶ የወጣ ሰው ሲሆን የማባዣ ሠንጠረዥ አያውቅም ነበር። በዚያ ዘመን የጨዋ ልጅ ላቲንና ግሪክ ይማራል እንጂ ሒሳብ የነጋዴ ሥራ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። በ1662 ሐምሌ ወር፣ በ29 ዓመቱ፣ ኩፐር የሚባል የሮያል ቻርልስ መርከበኛ ቀጥሮ ማባዛትን ተማረ። ማለዳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ እየተነሣ ሠንጠረዡን ያጠና ነበር። ይህን በማድረጉ ያፈረ አይመስልም፤ በማስታወሻው ላይ በግልጽ ጽፎታል።

ሒሳቡን ካወቀ በኋላ ወደ መርከብ ሥራ ቦታዎች ይወርድ ጀመር። የግንድ አለካክን፣ የገመድ ቃጫ መልካሙን ከመጥፎው መለየትን፣ የሸራ ጨርቅንና የሬንጅን ዋጋ፣ ደመወዝ ሲከፈል የስም ጥሪው እንዴት እንደሚካሄድ እየጠየቀ ተማረ። ነጋዴዎች ከሚገባው በላይ ያስከፍሉ እንደ ነበረ፣ የሌሉ ሰዎችም በደመወዝ መዝገብ ላይ ተጽፈው እንደሚገኙ ተረዳ። ከእርሱ በፊት የነበሩት አለቆች በወንበራቸው ሆነው የሚፈርሙበትን ወረቀት እርሱ ሥራው ካለበት ቦታ ሄዶ ማመሳከር ጀመረ።

ይህን ስንል ፒፕስን ቅዱስ አድርገን ለማቅረብ አይደለም። ከነጋዴዎችና ከመኮንኖች እጅ መንሻ ይቀበል ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የመርከብ አዛዥ ገንዘብ ያለበት ደብዳቤ ሰጠው፤ ፒፕስ ደብዳቤውን ከፍቶ ወደ ውስጥ ሳያይ ገንዘቡን መሬት ላይ አራገፈው፤ ይህንንም ያደረገው ኋላ ቢጠየቅ በወረቀቱ ውስጥ ገንዘብ አላየሁም ብሎ ለመማል እንዲመቸው ነው። ሌላ ጊዜም አንድ የእንጨት ነጋዴ ለሚስቱ ጓንት ብሎ በላከለት ዕቃ ውስጥ 40 የወርቅ ገንዘብ ተገኘ። ራሱ በምሥጢር ጽፎ ባያስቀምጠው ኖሮ ይህን ማንም አያውቅበትም ነበር። ደመወዝ በጊዜው በማይከፈልበትና ለሹመት ገንዘብ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ መሆኑ እውነት ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን ፒፕስ ራሱ ሊደብቀው ከመሞከር አላዳነውም። ሰው የሚደብቀው ነገር ትክክል አለመሆኑን ልቡ ያውቃል።

ገንዘብ ያልሆነ ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚያ ዘመን የአንድ ሙሉ መርከበኛ ደመወዝ በየ28 ቀኑ 24 ሽልንግ ነበር፤ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር። ይህ ደመወዝ በ1653 ከተወሰነ በኋላ መርከበኞቹ በ1797 በስፒትሄድ እስኪያምፁ ድረስ ለ144 ዓመት ሳይጨመርበት ኖሯል። ይሁን እንጂ የመርከበኛው ትልቅ ችግር የደመወዙ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ያነሰውንም አለማግኘቱ ነበር።

ደመወዝ በየወሩ አይከፈልም ነበር። መርከቡ ከዘመቻ ተመልሶ ሲያበቃ ገንዘብ ካለ ይከፈላል፤ ከሌለ ግን ለመርከበኛው ቲኬት የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ያገለገለበት መርከብና የሚገባው ገንዘብ ይጻፋል። ይህን ይዞ ሎንዶን ወደሚገኘው ገንዘብ ቤት መሄድ የእርሱ ፈንታ ነው። ከሩቅ ወደብ የመጣ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ቤተ ሰብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ወረቀቱን ለመጠጥ ቤት ባለቤት ወይም ለአራጣ ነጋዴ በቅናሽ ዋጋ ይሸጠዋል። ነጋዴውም ታግሦ ሙሉውን ከመንግሥት ይቀበላል። ስለዚህ መርከበኛው የደማበት ገንዘብ ለማይዋኝና ለማይተኩስ ሰው ይሆን ነበር።

ከ1665 እስከ 1667 ከሆላንድ ጋር በተደረገው ጦርነት ነገሩ ባሰ። በ1665 በሎንዶን ቸነፈር ገብቶ ባለጸጎቹ ሲሸሹ ፒፕስ ከሥራው አልራቀም። በ1666 ደግሞ ከተማው ተቃጠለ፤ እሳቱን ለመግታት ቤቶች እንዲፈርሱ ለንጉሡ ካማከሩት አንዱ እርሱ ነበር፤ የራሱንም ወይን ጠጅና ፓርሜዛን የሚባለውን የጣሊያን አይብ በጓሮ ቀበረ። በዚህ ሁሉ መካከል ያልተከፈላቸው መርከበኞች ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተኰልኩለው በረኃብ ይጮኹ ነበር። በ1666 በሐምሌ ወር በሆላንድ ለተማረኩ ባሎቻቸው ገንዘብ እንዲሰጣቸው ከ300 የማያንሱ ሴቶች ወደ ግቢው ገቡ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይራገማሉ። ፒፕስ አዘነላቸው፤ ነገር ግን በካዝናው ውስጥ ገንዘብ አልነበረም። ለአንዲቱ ብቻ ሌሎቹ ሳያዩ ከኪሱ ጥቂት ሰጣት።

የዚህ ቸልታ ዋጋ በ1667 ሰኔ ወር ታየ። መንግሥት ለማሰማራት ገንዘብ አጥቶ ትልልቆቹን መርከቦች በሜድዌይ ወንዝ ላይ አሥሮ ስላቆማቸው የሆላንድ መርከቦች ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ገቡና አቃጠሏቸው። ንጉሡን ያመጣችውን ሮያል ቻርልስን ደግሞ ማርከው ወሰዷት። የኋላዋ ጌጥ የነበረው የንጉሣዊ አርማ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ በአምስተርዳም ቤተ መዘክር ተሰቅሎ ይታያል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በሆላንድ መርከቦች ላይ ሆነው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሲጮኹ የተሰሙት እንግሊዛውያን መርከበኞች ነገር ነው፤ ቀድሞ የተዋጉት ለወረቀት እንደ ነበረ፣ አሁን ግን የሚዋጉት ለገንዘብ መሆኑን እየተናገሩ ለአገራቸው ሰዎች ያሳዩ ነበር። ፒፕስ ይህን ሰምቶ በማስታወሻው መዝግቦታል። ደመወዝ ያልከፈለ መንግሥት የገዛ ወታደሩን ለጠላት እንደሚመለምል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

ፓርላማው ጥፋተኛ ፈለገ። መጋቢት 5 ቀን 1668 ፒፕስ በፓርላማ ቀርቦ ስለ ቲኬቶቹ ከሦስት ሰዓት በላይ ተናገረ። መዝገቡን በደንብ ያውቅ ስለ ነበረ ማንም ሊረታው አልቻለም፤ ንግግሩም በከተማው ሁሉ ተመሰገነ። በ1662 ሌሊት ተነሥቶ የተማረው የማባዣ ሠንጠረዥ ያን ቀን ሥራውንና ስሙን አተረፈለት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ግማሽ ደመወዝና ፈተና

በሚቀጥለው ዓመት ዓይኑ የሚታወር መስሎት የዕለት ማስታወሻውን በግንቦት 31 አቆመ። በኅዳር ወር ሚስቱ ኤልሳቤጥ በ29 ዓመቷ ሞተች፤ ከዚያ ወዲያ አላገባም። በ1673 ባሕር ኃይሉን በበላይነት የሚያስተዳድረው አድሚራሊቲ ዋና ጸሐፊ ሆነ። ለመኮንኖች የጠቀመው ትልቁ ሥራው በዚህ ሹመት ላይ ሳለ የተሠራው ነው።

እስከዚያ ድረስ አንድ መኮንን ደመወዝ የሚያገኘው መርከቡ በሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነበር። ጦርነት አልቆ መርከቡ ሲታሠር መኮንኑ ይሰናበታል፤ ጡረታ የለውም፤ እስከሚቀጥለው ጦርነት ድረስ ምን በልቶ እንደሚቆይ የሚያስብለት አልነበረም። በ1668 ከጦርነቱ በኋላ ለአድሚራሎች ያለ ሥራ በሚቆዩበት ጊዜ ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈላቸው ተወሰነ። ፒፕስ ዋና ጸሐፊ ከሆነ በኋላ በ1674 ይኸው ለታላላቅ መርከቦች አዛዦች ተሰጠ፤ እያደርም ወደ ሌሎቹ መኮንኖች ወረደ።

ይህ ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ያለ ሥራ ለተቀመጠ ሰው ገንዘብ ለመክፈል መንግሥት አስቀድሞ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ መኮንኑ ማን እንደ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ በየትኛው ማዕርግ እንዳገለገለና አሁን በሕይወት መኖሩን። እነዚህ ሦስቱ ሲጻፉ የመኮንኖች ዝርዝር ይወለዳል፤ ዝርዝሩ ሲኖር ቀዳሚና ተከታይ ይለያል፤ ቀዳሚና ተከታይ ሲለይ ሹመት በዘመድ ብቻ መሆኑ ያስቸግራል። እንዲህ እያለ የደመወዝ መዝገብ የቆመ ሠራዊት አደረጃጀት ሆነ።

ፒፕስ በዚህም አላቆመም። የጌቶች ልጆች ባሕር ሳያውቁ በደብዳቤ ብቻ መኮንን ይሆኑ ስለ ነበረ፣ በ1677 መጨረሻ ለሌተናነት የሚታጭ ሁሉ እንዲፈተን ደንብ አስወጣ። ተፈታኙ ሦስት ዓመት በባሕር ላይ ማገልገሉን ከአዛዦቹ በተጻፈ ምስክር ማስረዳት ነበረበት፤ ከዚያም በታላላቅ መኮንኖች ፊት ስለ መርከብ አነዳድ ይጠየቃል። ራሱ በዝምድና የገባው ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት የፈተና በር መሥራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከመኮንኖቹ በታች ላሉት ተራ መርከበኞች ደግሞ ቀደም ብሎ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቋቋመ የቻተም ሣጥን የሚባል መረዳጃ ነበር። ከእያንዳንዱ መርከበኛ ደመወዝ በየወሩ 6 ፔንስ እየተቈረጠ በብረት ሣጥን ይቀመጥና በጦርነት አካላቸው ለጐደለ አበል ይከፈልበት ነበር፤ እግሩን ያጣ ሰው በዓመት 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ይቀበል ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይታመን ሣጥኑ ብዙ ቍልፎች ተበጅተውለት መክፈቻዎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይያዙ ነበር። ቍልፍ ቢበዛም ገንዘቡ መባከኑ አልቀረም፤ ፒፕስም ይህን አይቶ ወቅሷል። ሣጥን የሚጠበቀው በብረት ብቻ ሳይሆን በተመረመረ ሒሳብ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከሣሹን በመዝገብ መርታት

በ1679 በእንግሊዝ ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ አሢረዋል የሚል የሐሰት ወሬ አገሩን አናወጠው። ፒፕስ የንጉሡ ወንድም የጄምስ አገልጋይ በመሆኑ ጠላቶቹ የባሕር ኃይሉን ምሥጢር ለፈረንሳይ ሸጠ ብለው ከሰሱት። በግንቦት ወር ወደ ሎንዶን ግንብ ተወስዶ ታሠረ። ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ ቅጣቱ ሞት ነበር።

ዋና ከሣሹ ጆን ስኮት የተባለ ሰው ነበር። ፒፕስ እንደ ተለመደው ጌቶችን አልለመነም፤ ሥራው የነበረውን ነገር በራሱ ጉዳይ ላይ አዋለው። የሚስቱን ወንድም ወደ ፓሪስ ላከ፤ ስለ ስኮት ኑሮ የሚያውቁ ሰዎችን ፈልጎ የምስክርነት ቃላቸውን በጽሑፍ ሰበሰበ፤ ቀንና ቦታ እያመሳከረ ከሣሹ የታወቀ አጭበርባሪ መሆኑን አረጋገጠ። የሰበሰበው ጽሑፍ ሁለት ትልልቅ ጥራዝ ሆነ። በሐምሌ ወር በ30,000 ፓውንድ ዋስ ተለቀቀ፤ በ1680 ክሱ ተሠረዘ።

በ1684 ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የሊቃውንቱ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ ሊቀ መንበር አደረገው፤ ስለዚህ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የርእስ ገጽ ላይ ለኅትመቱ ፈቃድ የሰጠው የፒፕስ ስም ይገኛል። ማባዛትን በ29 ዓመቱ የተማረ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ መጻሕፍት ታላቁ እንዲታተም ፈቃጅ ሆነ ማለት ነው።

ያልተከፈለው ዕዳ

ንጉሥ ጄምስ በ1688 መጨረሻ ከዙፋኑ ሲወርድ ፒፕስ ለአዲሱ መንግሥት አልሠራም ብሎ በ1689 መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም በጥርጣሬ ሁለት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ታሠረ። በመጨረሻ ዘመኑ የቀድሞ ታናሽ ጸሐፊው ዊልያም ሂወር በክላፓም በነበረው ቤቱ ተቀብሎ ጦረው። ግንቦት 26 ቀን 1703 በ70 ዓመቱ ሞተ፤ በሎንዶን ቅዱስ ኦላቭ ቤተ ክርስቲያን ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ፒፕስ ሲሞት ከእንግሊዝ መንግሥት የሚፈልገው ገንዘብ 28,007 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ከሩብ ነበር። ይህ ገንዘብ በ1660 በተቀጠረበት ደመወዝ ሲሰላ የ80 ዓመት ደመወዝ ይሆናል። ሒሳቡ እስከ ሩብ ፔኒ ድረስ ተጽፎ ነበር፤ በኑዛዜውም ለወራሾቹ ተላልፎ ነበር፤ ነገር ግን አልተከፈለም። የሌሎችን ደመወዝ ሲያሰላ የኖረው ሰው እንደዚያ ቲኬት እንደ ያዘ መርከበኛ የመንግሥት ወረቀት ይዞ ሞተ።

ታዲያ መዝገብ ምን ጠቀመ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። መዝገብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ከፋዩ ሕሊናና ገንዘብ ሊኖረው ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ መዝገብ ከሌለ ዕዳው መኖሩም አይታወቅም። ለፒፕስ አለመከፈሉን ከ300 ዓመት በኋላ እኛ በአዲስ አበባ ሆነን ልንናገር የቻልነው ስለ ተጻፈ ነው። ከ1666ቱ ሴቶች መካከል ግን የአብዛኞቹ ስም ጠፍቷል፤ ምን ያህል እንደ ቀረባቸውም የሚነግረን የለም።

እርሱ ያስለመደው ሥርዓት ግን ከእርሱ በኋላ ኖረ። ከ1693 ጀምሮ ያሉት የግማሽ ደመወዝ መዝገቦች ዛሬ በሎንዶን አጠገብ በኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በ1732 ለመኮንኖች መበለቶች የተቋቋመው መረዳጃም መበለቲቱ በሕግ ያገባች መሆኗን በማስረጃ እንድታቀርብ ይጠይቅ ስለ ነበረ፣ የብዙ ሴቶች ስም በዚሁ ምክንያት ከመረሳት ተርፏል። ዛሬ የቀድሞ አባቱን ታሪክ የሚፈልግ ሰው በእነዚህ መዝገቦች ላይ ስሙን እየተከተለ ይሄዳል፤ ክፍያው ሲጨምር ማዕርግ ማግኘቱን፣ ሙሉው ወደ ግማሽ ሲወርድ ሰላም መሆኑን፣ ክፍያው ሲቋረጥና የመበለት ስም ሲተካ መሞቱን ያውቃል። ታሪክ ጸሐፊ ያልነበረው ሰው ታሪኩን የጻፈለት ደመወዝ ከፋዩ ነው።

ፒፕስ ወደ 3,000 የሚጠጉ መጻሕፍቱን በኑዛዜ አስቀመጠ፤ በ1724 ወደ ተማረበት ኮሌጅ ገቡ፤ አንድ እንዳይጨመርባቸው፣ አንድም እንዳይጐድልባቸው ተደርገው ዛሬም አሉ። ከእነርሱ መካከል በአጭር ጽሕፈት የተጻፈው ስድስት ጥራዝ ማስታወሻ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳያነበው ተቀመጠ። ጆን ስሚዝ የሚባል ድኻ ተማሪ ከ1819 እስከ 1822 ለሦስት ዓመት ያህል ታግሎ ፈታው፤ ማስታወሻውም በ1825 ታተመ። ያ ተማሪ ግን አንድ ነገር አላወቀም፤ የአጭር ጽሕፈቱን መፍቻ የያዘው መጽሐፍ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደርድሮ ነበር።

ይህ ለእኛ የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የተጻፈው ሲፈለግ የሚገኝበት ዝርዝርና ሥርዓት ያሻዋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች የሠራተኛ ፋይል ሲሰጣቸው ሥራው ዝቅተኛና አሰልቺ ሊመስላቸው ይችላል። በእጃቸው ያለው ግን የአንድ ሰው እርጅና ነው። የቅጥር ቀኑን በትክክል የጻፈ፣ የደመወዝ ጭማሪውን ሳያሳልፍ የመዘገበ፣ ደብዳቤውን ከቦታው ያኖረ ጸሐፊ ከ30 ዓመት በኋላ የማያውቀውን ሽማግሌ ወይም የማያውቃትን መበለት እህል ያበላል። ምስጋናው ወደ እርሱ ላይደርስ ይችላል፤ ለፒፕስም አልደረሰም። ሥራው ግን ደርሷል።